ስም ያልሰፈረበት መሠረት፦ የመምህርት አስቴር ጋኖ ሕይወትና ሥራ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ዕውቀት፣ ስለ ሕሊና ጽናትና ስለ ሕይወት ዓላማ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ርዕሱ ለመሐንዲስ ብዕር የከበደ፣ ለፈላስፋ ወይም ለሃይማኖት መምህር የሚስማማ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ነገሩን ባሰላሰልሁት መጠን ግን ሦስቱም ጉዳዮች በየዕለቱ በሥራችን ላይ የሚገጥሙን ጥያቄዎች መሆናቸውን ተረዳሁ። የተማርነው ትምህርት የማን ሀብት ነው? አንድ ሰው ትክክል ነው ብሎ ያመነበትን ነገር ዋጋ እያስከፈለውም ቢሆን ይዞ የሚዘልቀው በምን ኃይል ነው? ስማችን የማይነሳበት ሥራስ እንደ ሥራ ይቆጠራልን? እነዚህን ጥያቄዎች በጽንሰ ሐሳብ ብቻ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ በቃላት ላይ ቃላት ከመደረብ አያልፍም። ስለዚህ መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት መፈለግን መረጥሁ።

የመረጥሁት የመምህርት አስቴር ጋኖን ሕይወት ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። በሥራ ላይ የምገኝባት የቡ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ አቅጣጫ ሲኬድ የምትገኝ የማና ወረዳ የቡና ከተማ ናት። ከዚህ በስተሰሜን ያለው አገር ሊሙ ነው፤ ዛሬ በታጠበ ቡናው በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው ሊሙ አስቴር ጋኖ የተወለዱበት ምድር ነው። ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮ በኩል የሚያልፈው መንገድ ደግሞ በደሌ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ መቱ ሲያመራ፣ የአስቴር የሥራ ባልደረባ የነበሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱበትን የሁሩሙን አካባቢ ያቋርጣል፤ ሌላው ሁለቱ ከረጅም ስደት በኋላ ተመልሰው ወደ ሠሩበት ወደ ወለጋ ይወጣል። እንግዲህ ይህ ታሪክ እኛ በየቀኑ በምንመላለስበት መንገድ ዳርና ዳር ያለ የጎረቤት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በጊቤ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ሊሙ እናርያ ከ1825 እስከ 1861 በነገሡት በአባ ባጊቦ ዘመን በኃይልም በንግድም ቀዳሚ ነበር፤ ዋና ከተማው ሰቃም ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። አስቴር በተወለዱበት ወቅት ግን የሊሙ ኃይል ቀንሶ የጅማ ኃይል ከፍ እያለ ሄዶ ነበር። ዛሬ የጅማ ከተማ ባለችበት ስፍራ የነበረው የሂርማታ ገበያም የአካባቢው ታላቅ ገበያ ለመሆን በቅቷል። በእነዚህ ገበያዎች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ኮረሪማ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ቡናውንና ዝባዱን ወደ ባሕር የሚያደርሰው የሲራራ ነጋዴ፣ የሰው ልጅንም በዚያው ጎዳና ይነዳ ነበር። የአካባቢያችንን የንግድ ታሪክ በኩራት በምናነሳበት ጊዜ ይህንንም አብሮ ማንሳት የሕሊና ግዴታ ይመስለኛል።

አስቴር የተወለዱት ነፃ ሆነው ነው። ይሁንና ገና በልጅነታቸው በሊሙ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረጉ። ከዚያም በኋላ ከትውልድ አገራቸው ተነጥለው ቀይ ባሕር ድረስ ተወሰዱ፤ ወደ ዓረብ አገር ተሻግረው ይሸጡ ዘንድም በጀልባ ተጫኑ። ኢጣሊያ ምጽዋን በ1885 ይዛ ስለነበር የጦር መርከቦቿ በዚያ ባሕር ላይ ይዘዋወሩ ነበር። በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች አስቴር የነበሩባትን ጀልባ አስቁመው በውስጧ ያሉትን ሰዎች ነፃ አወጡ። አስቴርም በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ላቋቋመው ትምህርት ቤት ተሰጡ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆን ነው።

እስቲ አንድ አፍታ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከቤተሰቧ ተነጥላ፣ አገሯን ተነጥቃ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች አንዲት ልጅ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ምን ይቀራታል? ንብረት የላትም፤ ዘመድ የላትም፤ የምትመለስበትም መንገድ የለም። አንድ ነገር ግን ማንም ሊነጥቃት አልቻለም፤ እርሱም በእናቷ ቤት የሰማችው ቋንቋ ነው። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ ምሳሌው፣ የሥራው ዘፈን፣ የዕቃው ስም፣ የዘመዱ መጠሪያ ሁሉ በአእምሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዕውቀት ሲባል ብዙዎቻችን ከዩኒቨርሲቲ ያገኘነውን ዲፕሎማ ብቻ እናስባለን። የአስቴር ሕይወት ግን ዕውቀት ትምህርት ቤት ከመገባቱ በፊት በሰው ውስጥ ሊኖር እንደሚችል፣ የትምህርት ቤት ድርሻም አንዳንድ ጊዜ ያንን ዕውቀት በሥርዓት አውጥቶ ለሌላው እንዲተርፍ ማድረግ እንደሆነ ያሳየናል።

በእምኩሉ አስቴርን የጠበቋቸው ሰው፣ ተመሳሳይ ዕጣ የደረሰባቸው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበሩ። ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። እርሳቸውም በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተወስደው ከስምንት ጌቶች እጅ ካለፉ በኋላ ምጽዋ ላይ በስዊሳዊው በቬርነር ሙንትሲንገር አማካይነት ነፃ ወጡ። በምጽዋ በስዊድን ሚሲዮን ተምረው በ1872 ተጠመቁ፤ ወደ ስዊድንም ተልከው አምስት ዓመት ያህል በመምህርነትና በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሠለጠኑ። ከተመለሱ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞከሩ። የመጀመሪያው ጉዞ በሱዳን በኩል ሲሆን፣ ፋማካ ከምትባል የድንበር ከተማ ሳያልፉ በንዳድ በሽታ ተመትተው በ1882 ወደ ካርቱም ለመመለስ ተገደዱ። በሁለተኛው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ደርሰው በ1886 ዳግማዊ ምኒልክ ወደ መጡበት እንዲመለሱ አደረጓቸው። ስለዚህ በ1886 በዚያች በሞቃት የባሕር ዳር መንደር ሁለት የምዕራብ ኢትዮጵያ ልጆች ተገናኙ፤ አንደኛው ወደ አገራቸው የሚገቡበት በር የተዘጋባቸው፣ ሁለተኛይቱ ከባርነት ጀልባ ገና የወረዱ።

በሩ ሲዘጋ ኦኔሲሞስ ፊታቸውን ወደ ትርጉም ሥራ አዞሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ዋና ተግባራቸው ሆነ። ይሁንና አንድ ከባድ ችግር ነበረባቸው። ከአገራቸው የወጡት በሕፃንነታቸው ስለሆነ ቋንቋው በአፋቸው ላይ እንደ አዋቂ ሰው ቋንቋ ሙሉ አልነበረም። አስቴር ግን ከሊሙ የወጡት ነፍስ ካወቁ በኋላ ነበር፤ የቃሉ ሀብት፣ የአነጋገሩም ለዛ ከእርሳቸው ጋር ነበር። ኦኔሲሞስም የአስቴርን የአእምሮ ብሩህነትና ለቋንቋው ያላቸውን ስሜት ብዙም ሳይቆዩ ተገነዘቡ። በዚህም ምክንያት የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ ለአስቴር ተሰጠ።

መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለሙያው ሰዎች በቅየሳ ሥራ መስሎ ማስረዳት ይቻላል። መንገድ ከመነደፉ በፊት ቀያሹ በየሜዳውና በየተረተሩ እየዞረ ነጥብ በነጥብ ከፍታውን ይመዘግባል። አንዱ ነጥብ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሁሉም ሲሰበሰቡ ግን የመሬቱን መልክ ያሳያሉ። ነጥቡ የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ በላዩ የሚነደፈው መንገድ ሁሉ ይሳሳታል። አስቴር ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቃል በቃል እየለቀሙ፣ የአንዱን ቃል ትርጉም ከሌላው እየለዩ፣ ለተርጓሚው የሚቆምበትን መሬት አዘጋጁ። በ1893 የታተመው የኦሮምኛ ሐዲስ ኪዳን የተጣራውና የተስተካከለው በዚህ መዝገበ ቃላት እየታገዘ ነበር።

የሥራው ክብደት ከፊደሉ ጋርም የተያያዘ ነበር። የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በሰባት ድምፆች የተደራጀ ሲሆን፣ ኦሮምኛ ግን አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢዎች አሉት፤ የአናባቢው መርዘምና ማጠር፣ የተነባቢውም መጥበቅና መላላት የቃሉን ትርጉም ይለውጠዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ ይህን ልዩነት አያሳይም። በግዕዝ ውስጥ የሌለውን አንድ የኦሮምኛ ድምፅ ለመጻፍም ዸ የሚል ምልክት ከደ ተበጅቶ በጥቅም ላይ ውሏል። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1991፣ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን ከተነሡት ምክንያቶች መካከል ይኸው የድምፅ ጉዳይ አንዱ ነበር። በእጃቸው ያለው መሣሪያ ለሥራው ፍጹም አለመሆኑ ግን አስቴርንና ባልደረቦቻቸውን ከሥራው አላገዳቸውም። የተሟላ መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ሥራን ማቆየት ልማድ ለሆነብን ለእኛ ይህ የሚታሰብበት ነገር ነው።

አስቴር ከመዝገበ ቃላቱ በተጨማሪ ሌላ ታላቅ ተግባር ፈጽመዋል። በልጅነታቸው የሰሟቸውንና ከሌሎች የሰበሰቧቸውን ወደ 500 የሚሆኑ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሠፈሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በታተመው፣ ፊደል ለሚቆጥሩ በተዘጋጀው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። የቀረው የእጅ ጽሑፍ በስዊድን በአንድ የሚሲዮናዊ ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ ቆይቷል። ይህ ማንበቢያ ሲታሰብ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ተማሪው ንባብ የሚለማመደው ከባዕድ አገር በተቀዳ ምሳሌ ሳይሆን አያቱ በምድጃ ዳር ባወሩት ተረት ነበር። ማስተማር ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ መሆኑን አስቴር የተረዱት የሥነ ትምህርት መጻሕፍት በአገራችን ከመሰራጨታቸው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ከዚህም ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መልሰዋል፤ የመዝሙር መጽሐፍ በማዘጋጀትም ከኦኔሲሞስ ጋር ሠርተዋል። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተፈጽሞ በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ።

እዚህ ላይ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ወደ ሆነኝ ነጥብ እደርሳለሁ። በ1899 የታተመው መጽሐፍ ተርጓሚ ኦኔሲሞስ ነሲብ መሆናቸው ይታወቃል፤ የርዕስ ገጹም ሆነ ታሪክ ሥራውን የሚሰጠው ለእርሳቸው ነው። ኦኔሲሞስ ይህ ክብር ሲያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ነገር ግን ትርጉሙ የቆመበትን የቃላት መሠረት የጣሉት አስቴር ጋኖ ለረጅም ዘመን ስማቸው የሚገባውን ስፍራ ሳያገኝ ቆይቷል። ቤቱን የሚያየው ሰው ግድግዳውንና ጣሪያውን ያደንቃል፤ መሠረቱ በአፈር ተሸፍኗልና አያየውም።

ይህ በዓለም ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ለመባል የበቃው በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ካስተማሩት ከአባ ጎርጎርዮስ በቀሰመው ዕውቀት ነው። መጻሕፍቱ የሚጠሩት በሉዶልፍ ስም ቢሆንም፣ እርሱ ራሱ የመምህሩን ውለታ በጽሑፎቹ ውስጥ በግልጽ ስላሠፈረ የአባ ጎርጎርዮስ ስም ሳይጠፋ እስከ እኛ ደርሷል። ከአገራችንም የግዕዙን ታላቅ መዝገበ ቃላት ማንሳት ይቻላል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ስላረፉ ደስታ ተክለ ወልድ በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የሦስት ሰዎች ዕድሜ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ የሦስቱም ስም ግን አልተረሳም፤ ምክንያቱም ተከታዩ የቀዳሚውን አደራ በስሙ ጠቅሶ ተቀብሏል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ቁም ነገር ይወጣል። ስም ሳይጠሩ መሥራት ለሠሪው በጎነት ሊሆን ይችላል፤ የሠሪውን ስም መደበቅ ግን ለሌላው በጎነት ሊሆን ፈጽሞ አይችልም። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ነገሮች እናቀላቅላቸዋለን። ትሑት ሰው ሲገጥመን ትሕትናውን እያመሰገንን ድርሻውን እንወስድበታለን፤ እርሱ አልጠየቀምና አይገባውም ብለን ራሳችንን እናሳምናለን። ትሕትና እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚመርጠው እንጂ በሌላው ላይ የሚጭነው ግዴታ አይደለም። በሌላው ሰው ጉዳይ የሚጠበቅብን ፍትሕ ነው። አስቴር ሥራቸውን በትጋት ፈጽመው ማለፋቸው የእርሳቸው ጽናት ነው፤ ስማቸውን በሚገባው ስፍራ ማኖር ደግሞ ከእርሳቸው በኋላ የመጣን የእኛ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1899 ታላቁ ሥራ ሲፈጸም አስቴር የሃያ ሰባት ዓመት ገደማ ሰው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፣ በመጻሕፍት ዝግጅት የተፈተኑ፣ በማስተማር ሙያ የሠለጠኑ ስለነበሩ በዚያው በባሕሩ ዳር ኑሯቸውን መሥርተው ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ሌላ የሚያስገድዳቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች የኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። በነቀምቴ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ተቀበሏቸው፤ ኦኔሲሞስ በነቀምቴ ሲያስተምሩ አስቴር በነጆ የመምህርነት ሥራቸውን ያዙ። በሊሙ ንጉሥ እጅ ባሪያ የነበሩት ልጅ፣ አሁን በዚያው በምዕራብ ኢትዮጵያ ምድር ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህርት ሆነው ቆሙ። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ቀርቶ ወንዱንም ማስተማር ገና ባልተለመደበት ዘመን፣ ተማሪው ፊቱ ቆማ የምታስተምረውን ሴት ማየቱ ብቻውን ትምህርት ነበር።

መንገዱ የተደላደለ አልነበረም። በ1906 ኦኔሲሞስ በአካባቢው ካህናት በሃይማኖት ጉዳይ ተከሰው በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ታዘዙ፤ እስከ 1916 ድረስም በትምህርት ሥራቸው ተወስነው ኖሩ። በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን እንዲያስተምሩ ፈቀዱላቸው። ኦኔሲሞስ በሰኔ ወር 1931 በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረዋል። ከተሸጡበት ዘመን ተነሥተው ረጅም ለውጥ አዩ፤ ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በ1924 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ከ1936 እስከ 1941 አገሪቱ በጠላት ስትያዝ፣ በ1942ም ባርነት በሕግ ፈጽሞ ሲሻር በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1964 ዘጠና ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ነው።

የሰውን የሕሊና ጽናት የምንለካው ከተናገረው ይልቅ ከሠራው ነው። የአስቴርን ሕይወት በዚህ ሚዛን ስናየው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ በደል የደረሰበት ሰው ያለፈውን በደል የዕድሜ ልክ ሥራው ሊያደርገው ይችላል፤ አስቴር ግን ከበደሉ የተረፈውን፣ ማለትም ቋንቋቸውን፣ የሥራቸው መጀመሪያ አደረጉት። ሁለተኛ፣ ዕውቀትን ከተቀበሉበት ስፍራ ይልቅ ወደሚያስፈልግበት ስፍራ ይዘውት ሄዱ። ሦስተኛ፣ ከታላቁ ሥራ በኋላ ትንሽ ከሚመስል ሥራ አላፈገፈጉም፤ መጽሐፍ ቅዱስን በመተርጎም የደከመው እጅ ወደ ሀ ግዕዝ ተመልሶ የሕፃን ጣት ይዞ አስቆጥሯል። በእኔ አስተያየት የሕይወት ዓላማ የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዓላማ አስቀድሞ ተጽፎ በእጃችን የሚሰጠን ፕላን አይደለም፤ በእጃችን ያለውን ነገር አጠገባችን ላለው ችግር ስናውለው ቀስ በቀስ መልኩ የሚወጣ ነገር ነው። በየቡና በሊሙ፣ በአጋሮና በጅማ የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ እስላም ነው፤ አስቴር የያዙት እምነት ከብዙው ጎረቤታችን ይለያል። ነገር ግን ዕውቀትን አደራ አድርጎ መያዝ፣ ለሌላው ሳያካፍሉ መሞትን እንደ ዕዳ መቁጠር በአካባቢያችን ሼኾችም ዘንድ የኖረ ትምህርት ነውና ታሪኩ ለሁላችንም አይከብድም።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለሙያችን ምን ይላል? ማንኛችንም ብንሆን በገጠር ሠርተን የምናውቅ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ድልድይ ወይም የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ከመነደፉ በፊት ወንዙ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ ማወቅ ያስፈልጋል። የመለኪያ ጣቢያ በሌለበት ሸለቆ ይህን የሚነግረን በዚያ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ጎርፉ የደረሰበትን ዛፍ በበትሩ ጠቁሞ ያሳየናል። ምንጩ በበጋ እንደሚደርቅና እንደማይደርቅ የምትነግረን ውሃ ስትቀዳ ያደገች እናት ናት። በቀይ አፈራችን ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሠራ መሬቱ በየት በኩል እንደሚንሸራተት የሚያውቀው ገበሬው ነው። አርማታው ከመሞላቱ በፊት የፌሮው አቀማመጥ ከፕላኑ ጋር አለመስማማቱን ቀድሞ የሚያየውም ብዙ ጊዜ የዓመታት ልምድ ያለው ካቦ ነው። እኛ ይህን ሁሉ ተቀብለን በስሌት እናረጋግጣለን፤ በንድፍ እናሰፍራለን፤ በሪፖርቱ ሽፋን ላይም የመሥሪያ ቤታችንና የእኛ ስም ይታተማል። የሽማግሌው፣ የእናቲቱ፣ የገበሬውና የካቦው ስም ግን በአባሪውም ውስጥ አይገኝም።

ይህ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የሥራ ጉዳት አለበት። ምንጩ ያልተመዘገበ መረጃ ተመልሶ ሊጣራ አይችልም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ድልድዩን ሊያሰፋ የሚመጣ መሐንዲስ የጎርፉ ከፍታ ከየት እንደተገኘ ለማወቅ ቢፈልግ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። የነጋሪውን ስም መጻፍ ለነጋሪው ክብር፣ ለመረጃው ደግሞ ዋስትና ነው። ከመድረክ ላይ የምስጋና ንግግር ከማድረግ ይልቅ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ ይበልጣል፤ ማን ነገረን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን አሳየን። ፈቃዱን ጠይቆ ስሙን ማሥፈር የሚወስደው ጊዜ አንድ የከፍታ ነጥብ ለመመዝገብ ከሚወስደው አይበልጥም።

ሌላም ተግባር አለ። በግንበኛው፣ በአናጢው፣ በቡና አጣቢውና በመስኖ ቆፋሪው አፍ ላይ ያሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን የሚነገሩ የሙያ ቃላት አሉ። ስለ አፈር ዓይነት፣ ስለ እንጨት ጥንካሬ፣ ስለ ውሃ አፈሳሰስ፣ ስለ ቤት አሠራር የሚናገሩ ናቸው። እኛ በባዕድ ቋንቋ ስለተማርን ብዙዎቹን አናውቃቸውም፤ ከሚያውቋቸው ሽማግሎች ጋርም አብረው እየጠፉ ነው። አስቴር መዝገበ ቃላታቸውን ያዘጋጁት ከአገራቸው ርቀው በሰው አገር ነበር። እኛ ግን ቃሉ በሚነገርበት ገበያ ውስጥ ቆመናል። እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ወረዳ የሚሰማቸውን የሙያ ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነጋሪያቸው ስም ጋር በማስታወሻ ደብተር ቢጽፍና በየዓመቱ ለማኅበራችን ቢልክ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ ለተማሪውም ለሠራተኛውም የሚጠቅም መዝገብ ይገኛል። ይህን ሐሳብ ለማኅበሩ ጉባኤ አቀርባለሁ፤ የየቡንና የአካባቢዋን ድርሻ ለመጀመርም ፈቃደኛ ነኝ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከእኛ አብዛኞቹ ስማችን በታላላቅ ሕንፃዎች ላይ ሳይቀረጽ እናልፋለን፤ ይህ የሚያሳዝን አይደለም። የሚያሳዝነው ከሌላው የተቀበልነውን ዕውቀት የራሳችን አስመስለን ይዘን ብናልፍ ነው። ከጅማ ወደ ሊሙ የምትጓዙ ሁሉ የቡናውን ጥላ ስታዩ፣ ከዚያ ምድር የወጣችው ልጅ በሕይወቷ ምን እንደሠራች አስቡ፤ በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ላይም ጎርፉ የደረሰበትን ዛፍ ያሳያችሁን ሰው ስም ጻፉ።